መጻሕፍትን በየክፍላቸው ማደራጀት፦ ከወለል ላይ ክምር እስከ መለያ ቁጥር

«መጽሐፉ አለን፤ ግን የት እንዳለ እንጃ።» ይህን መልስ ከአንድ ላይብረሪ በላይ ሰምቼዋለሁ። ጠያቂው አመስግኖ ይወጣል። መጽሐፉ ከቆመበት ሦስት እርምጃ ርቆ እዚያው ይቀራል።

አንድ ጊዜ የአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ለማደራጀት ገብቼ ነበር። መጻሕፍቱ ንጹሕ ናቸው። የተደረደሩት በቁመት ነው፤ ረጃጅሞቹ በስተግራ፣ አጫጭሮቹ በስተቀኝ። ሲያዩት ዓይን ይማርካል። አንዲት ተማሪ መጥታ ስለ ከዋክብት የሚያወራ መጽሐፍ ጠየቀች። ፍለጋው ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። መጽሐፉ የተገኘው በአንድ የሕግ መጽሐፍና በአንድ የልብስ ስፌት መጽሐፍ መካከል ነው። ሦስቱን ያገናኛቸው ቁመታቸው ብቻ ነበር። እስኪገኝ ድረስ ልጅቷ የዕረፍት ሰዓቷ አልቆ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች።

ከዚያ ወዲህ መደርደሪያ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስለ አንድ ጉዳይ ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ እዚህ ገብቶ ያገኘዋል ወይ?

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ መጽሐፍ ላለው ሁሉ ይሆናል። የትምህርት ቤት ይሁን፣ የመሥሪያ ቤት፣ የማኅበር፣ ወይም ቤቱ በመጽሐፍ የተሞላ ሰው። ትልልቆቹ ቤተ መጻሕፍትም በመሠረቱ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የእነሱ ብዛቱና ዝርዝሩ ይበልጣል እንጂ።

1. መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ጻፉ

መጽሐፍ ከመንካታችሁ በፊት አንድ ደብተር ያዙ። ለአንድ ሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት፣ ሰዎች ገብተው የሚጠይቁትን በራሳቸው አነጋገር መዝግቡ። «የሂሳብ አጋዥ አለ?» «ለልጄ የማነብለት ነገር ፈልጌ ነበር።» «ስለ ስኳር በሽታ የሚናገር።» «አዲስ ልብ ወለድ ምን ገባ?»

እነዚህ አራት ጥያቄዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያውና ሦስተኛው በርዕሰ ጉዳይ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው በዕድሜ ይጠይቃል። አራተኛው በጽሑፉ ዓይነት። ላይብረሪዎች መጽሐፍን በርዕሰ ጉዳይ ብቻ የማይከፍሉት ለዚህ ነው። መጀመሪያ በአጠቃቀም ይከፍላሉ፤ ከዚያ በየክፍሉ ውስጥ በርዕሰ ጉዳይ።

2. ሁሉንም አውርዱና በአጠቃቀም ክፈሉ

መጻሕፍቱን ከመደርደሪያ አውርዳችሁ ወለል ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ከምሩ። እዚያው መደርደሪያው ላይ እያሉ ለማስተካከል መሞከር ጊዜ ያባክናል። ቦታ ስለሌለ አንዱን ለማስገባት ሌላውን እየገፋችሁ ትውላላችሁ። ክፍሉን ለሁለት ሦስት ቀን ዝጉት።

አሁን እያንዳንዱን መጽሐፍ አንስታችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህን መጽሐፍ ሰው እንዴት ነው የሚጠቀምበት? ስለ ይዘቱ ገና አትጨነቁ።

መዝገበ ቃላት፣ ኢንሳይክሎፔዲያና አትላስ ከዳር እስከ ዳር አይነበቡም። ሰው አንድ ነገር አይቶ ይመልሳቸዋል። እነዚህ የማጣቀሻ ክፍል ይሆናሉ። ከላይብረሪው አይወጡም፤ ለማንበቢያ ጠረጴዛው ቅርብ ይቀመጣሉ። ልብ ወለድ፣ ግጥምና ተውኔት ሌላ ክምር ናቸው። የልጆች መጻሕፍት ሌላ። ጋዜጣና መጽሔት ሌላ፤ እነሱ የሚፈለጉት በርዕሳቸውና በወጡበት ቀን ነው። ከመደርደሪያው ከፍታ በላይ የሆኑ ትልልቅ የሥዕልና የካርታ መጻሕፍት ለብቻቸው ይቀመጣሉ። የቀረው፣ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ክምር፣ የእውቀት መጻሕፍት ነው።

ይህ ጊዜ የማጥሪያም ጊዜ ነው። ሻጋታ የሸተተ መጽሐፍ ካጋጠማችሁ ወዲያው ለዩት፤ በፌስታል አድርጉና ከሌሎቹ አርቁ። ሻጋታ ይዛመታል። ገጹ የጎደለ መማሪያ መጽሐፍም ቦታ ከመያዝ በቀር አይጠቅምም። በተለይ ግን የሕክምና፣ የሕግና የኮምፒውተር መጻሕፍትን የታተሙበትን ዓመት እዩ። ያረጀ የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ አንባቢን ሊጎዳ ይችላል። ያረጀ የታሪክ መጽሐፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዕድሜው ራሱ ዋጋ አለው። ስለዚህ «አሮጌ ነው» ብሎ ብቻ መጣል ልክ አይደለም። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን በካርቶን አድርጋችሁ ለስድስት ወር አስቀምጡት። የሚጠይቀው ሰው ከመጣ ይመለሳል።

3. ቁጥሩን ለመጽሐፉ ስጡ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ልብ ያለው እዚህ ነውና።

ድሮ ብዙ ላይብረሪዎች ለመጽሐፍ የሚሰጡት ቁጥር የመደርደሪያው አድራሻ ነበር። ሦስተኛው ቁም ሣጥን፣ አምስተኛው ረድፍ፣ አሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ። ረድፉ እስኪሞላ ድረስ ጥሩ ይሠራል። ከሞላ በኋላ ግን አዲስ የመጣው የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ከወንድሞቹ ጎን ቦታ ስለሌለው ሌላ ግድግዳ ላይ ይሄዳል። ወይም ደግሞ የሁሉም ቁጥር ይቀየራል።

በ1876 እ.ኤ.አ. ሜልቪል ዱዊ የተባለ፣ በአሜሪካ የአምኸርስት ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ የሚሠራ የ24 ዓመት ወጣት፣ ስሙን ሳይጠቅስ አንዲት የ44 ገጽ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ቁጥሩ የመደርደሪያው መሆኑ ይቅርና የይዘቱ ይሁን። መጽሐፉ የትም ሕንፃ ቢሄድ፣ የትኛውም ረድፍ ላይ ቢቆም፣ ቁጥሩ ያው ነው። የሚጠበቀው ነገር ቢኖር ከማን ቀጥሎ፣ ከማን ቀድሞ እንደሚቆም ብቻ ነው። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ሌሎቹ ትንሽ ይጠጋሉ፤ እሱ በመካከላቸው ይገባል።

ዱዊ እውቀትን ሁሉ በአሥር ከፈለው። ዛሬ ክፍሎቹ እንዲህ ናቸው፦

000 – ጠቅላላ ሥራዎች፣ መረጃ፣ ኮምፒውተር
100 – ፍልስፍናና ሥነ ልቡና
200 – ሃይማኖት
300 – ማኅበራዊ ሳይንስ፦ ሕግ፣ ኢኮኖሚ፣ ትምህርት፣ ፖለቲካ
400 – ቋንቋ
500 – የተፈጥሮ ሳይንስና ሂሳብ
600 – ቴክኖሎጂ፦ ሕክምና፣ እርሻ፣ ምሕንድስና፣ የቤት አያያዝ
700 – ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ስፖርት
800 – ሥነ ጽሑፍ
900 – ታሪክና ጂኦግራፊ

እያንዳንዱ መቶ እንደገና በአሥር ይከፈላል፤ እያንዳንዱ አሥር ደግሞ በአሥር። አንድ ቁጥር ወስደን እንፍታው። 636.7 እንበል። 6 ሲል ቴክኖሎጂ ነው። 63 እርሻ። 636 የእንስሳት እርባታ። ከነጥቡ በኋላ ያለው 7 ውሻ ነው። 636.8 ድመት፣ 636.1 ፈረስ። ቁጥሩ በረዘመ መጠን ጉዳዩ ይጠባል።

እና ተኩላስ? ብዙ ሰው ከውሻ ጎን ይፈልገዋል። የሚገኘው ግን 599.77 ላይ ነው፤ ከአጥቢ እንስሳት ጋር፣ በተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል። ምክንያቱም ዱዊ የከፈለው የጥናት መስኮችን ነው። ነገሮቹን አይደለም። ውሻን ሰው ያረባዋል፤ ተኩላን ሰው ያጠናዋል። ውኃም እንደዚሁ ተበታትኗል። የወንዝና የሐይቅ ጥናት 551.48 ሲሆን፣ ለከተማ የሚዳረስ የቧንቧ ውኃ 628.1 ነው። ይህን አንድ ጊዜ የተረዳ ሰው በየትኛውም በዱዊ የተደራጀ ላይብረሪ አይጠፋም። «ይህ መጽሐፍ ስለ ምንድን ነው?» ብቻ ብሎ አያቆምም፤ «ጉዳዩን በማን ዓይን ነው የሚያየው?» ይላል። የገበሬው? የሳይንቲስቱ? የሕግ ባለሙያው?

ሌሎችም አከፋፈሎች አሉ። በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያዘጋጀው ሥርዓት በላቲን ፊደላት ይከፍላል፤ 21 ዐቢይ ክፍሎች አሉት፤ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ይመርጡታል። ፖል ኦትሌትና ኦንሪ ላ ፎንቴን የተባሉ ሁለት ቤልጅጎች ደግሞ የዱዊን አስፍተው ሁለት ጉዳዮችን በምልክት የሚያገናኝ ሁለንተናዊ አከፋፈል ሠርተዋል። (ላ ፎንቴን በ1913 እ.ኤ.አ. የሰላም ኖቤል ሽልማት ያገኘው ያው ሰው ነው።) ለትንሽ ላይብረሪ ግን የእኔ ምክር ዱዊ ነው። ከሦስት አኃዝና ከነጥብ በኋላ ከአንድ ወይም ከሁለት አኃዝ አትለፉ። አምስት የፈረስ መጽሐፍ ላለው ላይብረሪ ስምንት አኃዝ ሸክም ነው።

የዱዊ ሥርዓት ጉድለት እንዳለውም ማወቅ ያስፈልጋል። የተሠራው በአንድ አገርና በአንድ ዘመን ዓይን ነው። በ200 ውስጥ ከ220 እስከ 289 ያለው ሁሉ የመጽሐፍ ቅዱስና የክርስትና ሲሆን፣ የቀሩት የዓለም ሃይማኖቶች በዋናነት 290 ውስጥ ተጨናንቀዋል። ቋንቋም ላይ እንዲሁ። እንግሊዝኛ 420ን ሙሉ ለብቻው ይዟል፤ አማርኛ ግን 492.87 ላይ ነው፤ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ላይ። አብዛኛው መጽሐፋችሁ በአማርኛ ከሆነ፣ ይህን ረጅም ቁጥር በሺህ ልብ ወለድ ላይ መለጠፍ አድካሚ ነው፤ ለአንባቢውም አይጠቅምም። ሥርዓቱ ራሱ ላይብረሪዎች ለራሳቸው ቋንቋ አጭር ቁጥር እንዲሰጡ ይፈቅዳል። እኔ የማደርገው ልብ ወለዱን ከቁጥር አውጥቼ «ል» የሚል ፊደል መስጠት ነው፤ ለግጥም «ግ»፣ ለተውኔት «ተ»። አንባቢው ወዲያው ይለምደዋል።

4. አንድን መጽሐፍ ክፍሉን መወሰን

ሥራው የሚከብደው እዚህ ነው፤ የሚጣፍጠውም እዚህ ነው።

ርዕሱን አትመኑ። «የወርቅ ጠብታ» የሚል መጽሐፍ አነሳችሁ እንበል። ስለ ማዕድን ሊሆን ይችላል፤ ግጥም ሊሆን ይችላል። ገልጣችሁ ማውጫውን ስታዩ «ቀፎ አመራረጥ»፣ «የመንጋ አያያዝ»፣ «ማር አቆራረጥ» ይላል። ንብ እርባታ ነው፤ 638.1። ቢሆንም አንድ ነገር አጣሩ፦ መጽሐፉ ስለ ንብ አካል አሠራርና አኗኗር ብቻ የሚያጠና ቢሆን ኖሮ ወደ ነፍሳት ጥናት፣ 595.79 ይሄድ ነበር።

የማየው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ማውጫውን። ከዚያ መግቢያውን፤ ደራሲው «ይህን መጽሐፍ የጻፍኩት ለ…» የሚልበትን ቦታ። ከዚያ የኋላ ሽፋኑን። እነዚህ ሦስቱ ካልበቁ አንድ ምዕራፍ መሐል ላይ ገልጬ ሁለት ገጽ አነባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለት ጉዳይ የያዘ መጽሐፍ ሲመጣስ? ባለሙያዎቹ የሚከተሏቸው ደንቦች አሉ፤ ለትንሽ ላይብረሪም በደንብ ይሠራሉ። ከሁለቱ ሰፋ ብሎ የተነገረለት ካለ፣ መጽሐፉ ወደዚያ ይሄዳል። እኩል ከሆኑ፣ ቁጥሩ የሚቀድመውን ውሰዱ። አንዱ በሌላው ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ የሚናገር ከሆነ፣ ተጽዕኖው ያረፈበት ጋ ይሂድ፤ «ድርቅ በትምህርት ላይ ያመጣው ችግር» የሚል መጽሐፍ ቦታው ትምህርት ነው። የአንድ ሰፊ መስክ አካል የሆኑ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ጉዳዮች ከሆኑ፣ ሁሉንም ወደሚያቅፈው ሰፊ ቁጥር ውጡ፤ ስለ ፈረስ፣ ስለ በግና ስለ ዶሮ የሚያስተምር መጽሐፍ 636 ላይ ይቆማል።

የሕይወት ታሪክ ሁልጊዜ ያከራክራል። የአንድ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ከሕክምና ጋር ነው ወይስ ከሕይወት ታሪኮች ጋር በ920? ሁለቱም ያስኬዳል። ለሕዝብ ላይብረሪ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የሰው ሕይወት ማንበብ የሚወድ አንባቢ የማንንም ሕይወት ስለሚያነብ። እንዲህ ስታደርጉ ግን ቅደም ተከተሉ በባለታሪኩ ስም ይሁን። ደራሲው ማንም ይሁን ማን፣ የአንድ ሰው ታሪክ ሁሉ አንድ ላይ ይሰበሰባል።

አንድ ነገር ከወሰናችሁ በኋላ ጻፉት። «የስፖርት ሕክምና → 617» ብላችሁ በደብተሩ ላይ። ከሦስት ወር በኋላ ተመሳሳይ መጽሐፍ ሲመጣ ሌላ ቦታ ብታስቀምጡት፣ ሁለቱ መጻሕፍት ዳግም አይገናኙም። ወጥ ከሆነ ትንሽ ስሕተት ይልቅ ወጥ ያልሆነ ትክክል የበለጠ ያስቸግራል።

5. ስቲከሩን ለጥፉ

የሚለጠፈው በመጽሐፉ ጀርባ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ሲቆም ወደ እኛ የሚዞረው ቀጭኑ ጎን። በሁለት መስመር ይጻፋል። ከላይ የክፍሉ ቁጥር፣ ከታች የደራሲው ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት። ላይብረሪ ውስጥ መለያ ቁጥር ወይም «ኮል ነምበር» ሲባል የምትሰሙት ይህን ነው። ለምሳሌ፦

638.1
አበበ

አራት ፊደል ብትጽፉም ክልክል አይደለም፤ ሁሉም ላይ እኩል ይሁን እንጂ። ሦስት የመረጠ «አበበ»፣ «አለማ»፣ «ከበደ» ብሎ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ላይ ያቆማል። ለልብ ወለድ «ል» ከላይ፣ የደራሲው ፊደላት ከታች።

ስቲከሩን ከመጽሐፉ ግርጌ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ላይ አድርጉት፤ 3 ሳንቲ ሜትር ጥሩ ነው። አንድ ቁራጭ ካርቶን በዚያ ልክ ቆርጣችሁ እንደ ማስመሪያ ተጠቀሙበት። ሁሉም በአንድ መስመር ሲሰለፉ ዓይን ሳይዘል ይሄዳል፤ የተዛባውም ከሩቅ ይታያል። ጀርባው በጣም ቀጭን ከሆነ በፊት ሽፋኑ ላይ፣ በጀርባው በኩል ባለው ታችኛው ጥግ ለጥፉት። ከላይ ግልጽ ፕላስተር ይልበስ፤ ያለዚያ የእጅ ላብ ቁጥሩን ያጠፋዋል። ስቲከር አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ ያንኑ ቁጥር መጽሐፉ ውስጥ፣ ከርዕስ ገጹ ጀርባ፣ በእርሳስ ጻፉት።

ልጆች በብዛት የሚገቡበት ከሆነ ለየክፍሉ ቀለም ጨምሩበት። ሳይንስ አረንጓዴ፣ ታሪክ ቀይ። ማንበብ ያልጀመረ ልጅም መጽሐፉን ወደ ቤቱ ይመልሳል። ቀለሙ ግን ከቁጥሩ ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ በቁጥሩ ምትክ የሚቆም አይሁን።

6. ቅደም ተከተሉ

ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች። አንዱ መደርደሪያ እስከ ታች ካለቀ በኋላ ወደ ቀጣዩ። ግድግዳውን ሙሉ አቋርጦ የሚሄድ ረድፍ አታድርጉ፤ አንባቢው አንድ ክፍል ለማየት ወዲያና ወዲህ መመላለስ የለበትም።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በነጥቡ ላይ ነው። 512.13 እና 512.2፤ የትኛው ይቀድማል? ብዙ ሰው «13 ከ2 ይበልጣል» ብሎ 512.2ን ያስቀድማል። የሚቀድመው ግን 512.13 ነው። ከነጥቡ በኋላ አንድ በአንድ ይነጻጸራል፦ መጀመሪያ 1 እና 2፤ 1 ያንሳል፤ አለቀ። ከነጥቡ በኋላ ምንም የሌለው ከሁሉም ይቀድማል። 512፣ 512.1፣ 512.13፣ 512.2፣ 513። የሚያግዟችሁን ሰዎች ሥራ ከማስጀመራችሁ በፊት እንዲህ ያሉ አሥር ቁጥሮች በወረቀት ላይ ጽፋችሁ እንዲያስተካክሉ አድርጉ። ሩብ ሰዓት ነው፤ የብዙ ቀን ፍለጋ ያድናል።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ የእኛው ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በድምፅ አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ብለው የተጻፉ ሁለት ሽፋኖች የአንድ ደራሲ ሊሆኑ ይችላሉ። በፊደል ገበታው ቅደም ተከተል ብቻ ብትሄዱ አንዱ ከመጀመሪያው መደርደሪያ ላይ፣ ሌላው መሐል ላይ ይቀራል። ለስቲከሩ አንድ ደንብ አውጡ። እኔ ሀ፣ ሐ እና ኀን ሁሉ በሀ ሥር፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ ሥር አስገባለሁ። ሽፋኑ ላይ ያለው አጻጻፍ አይነካም፤ የሚለወጠው የስቲከሩ ፊደል ብቻ ነው። ደንቡን ጽፋችሁ መደርደሪያው ላይ ለጥፉት።

ስምን በሚመለከት፦ ማዕረግ አይቆጠርም። ዶክተር፣ ፕሮፌሰር፣ መምህር ተዘሎ ስሙ ይያዛል። የራስ ስምና የአባት ስም ያለው ደራሲ በራሱ ስም ይገባል። በቤተሰብ ስም የሚታወቁ የሌላ ቋንቋ ደራስያን በቤተሰብ ስማቸው።

7. ክፍሉን ማዘጋጀት

ቦታውን አስቀድማችሁ አስሉ። መካከለኛ መጽሐፍ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው ብንል፣ 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ረድፍ 30 መጽሐፍ ይይዛል። ግን አትሙሉት። ሩቡን ባዶ ተዉ፤ 22 ያህል ይቁምበት። 1,000 መጽሐፍ ካላችሁ 45 ወይም 46 ረድፍ ያስፈልጋል ማለት ነው። ባዶው ቦታ ብክነት እንዳይመስላችሁ። ገና የሚመጡት መጻሕፍት ቦታ ነው። ጥብቅ ብሎ የተሞላ ረድፍ ደግሞ መጽሐፍ ይጎዳል፤ ሰው ከላይ ጫፉን ይዞ ሲስብ ጀርባው ይቀደዳል። ባዶው በኩል መጽሐፍ እንዳይዘም መደገፊያ ብረት ወይም እንጨት ይደረግ።

የልጆቹ መደርደሪያ ዝቅ ያለ ይሁን። ለትንንሾቹ መጽሐፉን በጀርባው አታቁሙ፤ ሽፋኑ ፊት ለፊት እንዲታይ በሣጥን ወይም በዘንበል ባለ መደርደሪያ ላይ አድርጉ። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ የሚመርጠው በሥዕል ነው። የልጆቹ ክፍል ከጸጥታው ማንበቢያ ይራቅ። ጋዜጣና መጽሔት በሩ አጠገብ። ማጣቀሻ ከጠረጴዛው ጎን። ብዙ የሚጠየቀው ክፍል በዓይን ልክ።

በየመደርደሪያው ራስ ላይ ምልክት ስቀሉ። ቁጥር ብቻ አይጻፍበት። «600 – 649፦ ሕክምና፣ እርሻ፣ የቤት አያያዝ» ይበል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ደብተራችሁ ይጠቅማል። ሰዎቹ «ሥነ ፈለክ» ሳይሉ «ስለ ኮከብ» ብለው ጠይቀው ከሆነ፣ ምልክቱ ላይ ሁለቱም ይግቡ። የሕንዱ የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን፣ በትምህርቱ የሂሳብ ሰው የነበረ፣ በ1931 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው አምስት ሕጎች ውስጥ አንዱ የአንባቢውን ጊዜ ስለ መቆጠብ ነው። ምልክት ሲሰቀል እሱን ማሰብ ደግ ነው።

8. መዝገቡ

መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አንድ ቦታ ብቻ መቆም ይችላል። ካታሎግ በሚባለው መዝገብ ውስጥ ግን በደራሲው፣ በርዕሱና በጉዳዩ ሊገኝ ይችላል። ሁለት ጉዳይ ያለው ያ አስቸጋሪ መጽሐፍ መፍትሔው እዚህ ነው፤ ቦታው አንድ ቢሆንም መዝገቡ ውስጥ ሁለቱንም ጉዳይ ጻፉለት።

ለጥቂት መቶ መጽሐፍ ኤክሴል ይበቃል። ተራ ቁጥር፣ መለያ ቁጥር፣ ደራሲ፣ ርዕስ፣ የታተመበት ዓመት፣ ጉዳይ፣ የቅጂ ብዛት። ሺዎች ሲሆን ኮሃ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ተመልከቱ። ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ ነው፤ ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ኮምፒውተር ከሌለም ካርድና ሣጥን አሁንም ይሠራል።

9. በየቀኑ የሚሠራ

አንባቢዎች ያነሱትን መጽሐፍ ራሳቸው እንዳይመልሱ በትሕትና ንገሯቸው። «እባክዎ ጠረጴዛው ላይ ይተዉልን» የሚል ጽሑፍ ይበቃል። ሰው በቅንነት ነው የሚመልሰው፤ ግን ሁለት ረድፍ ስቶ የገባ መጽሐፍ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ካታሎጉ «አለ» ይላል፤ መደርደሪያው ላይ የለም። ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን መቁጠር ሌላም ጥቅም አለው፤ ወደ ቤት ባይወሰዱም የትኞቹ እንደሚነበቡ ይነግራችኋል።

ጠዋት ጠዋት፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት፣ ሁለት ሦስት ረድፍ ስቲከሮቹን በጣት እየተከተላችሁ አንብቡ። 636.1፣ 636.1፣ 636.3፣ 636.7፣ 523.8። ቆም። የከዋክብቱ መጽሐፍ ከውሾቹ ጎን ምን ያደርጋል? አንስታችሁ ወደ ቦታው። በየቀኑ ሦስት ረድፍ ቢነበብ 45 ረድፍ በ15 ቀን ይዳረሳል።

አንድ ክፍል ሞልቶ ሲያስቸግር ደግሞ መጻሕፍቱን ከታችኛው ረድፍ ጀምራችሁ ወደፊት ግፉ፤ አስፈላጊ ከሆነም ወደ ቀጣዩ መደርደሪያ ይሻገሩ። ስቲከር አይቀየርም። መዝገቡም አይነካም። የሚነሳው ከላይ የተሰቀለው ምልክት ብቻ ነው፤ እሱንም አንድ መደርደሪያ ወደ ቀኝ ታዛውሩታላችሁ።